በመርፌ የተጫረው ባትሪ

እኔ ከሊል ሰው አላምንም። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ መናኸሪያው ፊት ለፊት ዐሥራ አራት ዓመት ስልክ ስጠግን እኔን ያመነኝ ስለሌለ ነው። "ኦርጅናሉን እንዳትቀይርብኝ!" ሳይለኝ ስልኩን የሚሰጠኝ የለም። አንዳንዱማ እስክጨርስ አጠገቤ ቆሞ ያፈጥብኛል።

ጋሽ ጉታ ያንን ስልክ ይዘው ሲመጡ ገና ሳየው ጠረጠርኩ። ጋሽ ጉታ የኦቾሎ መንደር ሸማኔ ናቸው፤ የድሮ ደንበኛዬ። ስልኩን የላከችላቸው አንገት ልብስ እያዘዘች የምትገዛቸው ፈረንጅ ናት። ካርቶኑ ውስጥ ትንሽዬ መፍቻ አብሮ መጥቷል፤ ትርፍ ባትሪም ልካላቸዋለች።

"መፍቻው ለምንድነው?" አልኩ።

"ራስህ ፍታው፣ ራስህ ጠግነው ለማለት ነው።"

"ስልክ ሸጦ መፍቻ የሚመርቅ ነጋዴ የት አገር አለ? ጋሽ ጉታ፣ ይሄ ነገር ተንኮል አለበት።"

"ሌላም አለ" አሉ። "ማዕድኑን የቆፈሩት ሰዎች በወጉ ተከፍሏቸዋል። ሕፃን ልጅ ጉድጓድ አልገባበትም። ሰው ያልተበደለበት ስልክ ነው ብላኛለች።"

ሳቄ መጣ። "ሰው ያልተበደለበት ዕቃ? እንኳን ስልክ፣ ሙዝም የለ! የላንቴን ሙዝ ገበሬ ይጠይቁ። ደግሞስ እንደ ጡብ ይከብዳል። ካሜራው ደብዛዛ፣ ዋጋው የሁለት ስልክ። መለዋወጫውም አርባ ምንጭ ቀርቶ አዲስ አበባ አይገኝ።"

"ባትሪው ሲያረጅ ግን ባትሪ እቀይራለሁ እንጂ ስልክ አልቀይርም። ልብስ ሲቀደድ ይጣፋል እንጂ ይጣላል እንዴ?"

እውነቱን ልናገር፣ የከነከነኝ ካሜራው አልነበረም። ሁሉም የራሱን ስልክ ከፈታ እኔ ምን ልበላ ነው?

ያመጡት ቻርጅ አላደርግ ብሏቸው ነው፤ ሕመሙ ግን ቀላል ነበር። ቻርጅ ማድረጊያውን ቀዳዳ የጥጥ ብናኝ ደፍኖታል። ጠርጌ በማግስቱ ሰጠኋቸው።

በሦስተኛው ቀን እየጮኹ መጡ። "ባትሪዬን መልስ!" ለካ ወደኔ ከማምጣታቸው በፊት ማታ ባትሪው ጎን ላይ በመርፌ ምልክት ጭረው ኖሯል። አሁን ከፍተው ሲያዩ ምልክቱ የለም።

"ጋሽ ጉታ፣ ይሄን ዓይነት ባትሪ ከየት አባቴ አምጥቼ ነው የምቀይረው? ትርፉንስ አይተዋል?"

"ትርፉ ቤት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ማንም አይነካውም። አንተ ደግሞ ከየትም ታመጣለህ።"

ያ አላህ! ሌላ ስልክ ቢሆን ክዳኑ የተጣበቀበትን ማስቲሽ አሳይቼ አፍ አስይዝ ነበር። ማስቲሽ ምስክር ነው፤ የተነካ ያስታውቃል። ይሄ ግን በመፍቻ ተከፍቶ በመፍቻ ይዘጋል፤ ማን እንደከፈተው በምን ይታወቃል?

"ወላሂ ይሄን ባትሪ አልቀየርኩም!"

"ይሄን ብቻ አላልኩህም። ከኔ ስልክ ምንም ወስደህ አታውቅም? እሱን ማልልኝ።"

ገበያተኛው ከቦ ያየኛል።  መማሉ ሲያቅተኝ ጮህኩ፤ ሽማግሌውን ሰደብኳቸው፤ "ከሱቄ ይውጡልኝ!" አልኩ። ሳልምል መቅረቴን ሁሉም አየ።

ከዚያ በኋላ ሱቄ ጭር አለ። ጎረቤቴ ጁስ ሻጯ ቲጂ እንኳ የተሰበረ ስልኳን ይዛ፣ ዓይኗን ከኔ እያሸሸች፣ ወደ ሌላ ጠጋኝ ስትሄድ አየኋት። እንዲህ ከቀጠለ ወር ሳይሞላ እንደምዘጋ ገባኝ።

በስምንተኛው ቀን ጋሽ ጉታ ከባለቤታቸው ከእትዬ ዓለሚቱ ጋር መጡ። እጃቸው ላይ እርጥብ ሣር ይዘዋል። የጋሞ ሰው ሣር ይዞ ደጅህ ከቆመ ለዕርቅ ነው የመጣው።

"እኔ ነኝ" አሉ እትዬ ዓለሚቱ መሬት መሬት እያዩ። "የውስጡ ባትሪ አልቆ ነበር። መንገድ ላይ እንዳይቸገር ብዬ በጠዋት ትርፉን ከተትኩለት። ስልክ እንዳልነካ ከልክሎኛል፤ ፈርቼ ዝም አልኩ።"

በመርፌ የተጫረው ባትሪ ሳጥኑ ውስጥ ተገኝቷል።

ጋሽ ጉታ በገበያተኛው ፊት ሊንበረከኩ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ። "በሐሰት ስምህን አጠፋሁ። ይቅር በለኝ" አሉ። ልቤ ቅቤ ጠጣ! ቲጂ ጁሷን ትታ መጥታለች።

ሣሩን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ግን ያዝ አደረጉት። "እኔ ያለብኝን ተናገርኩ። ጎሜ በአንድ ወገን ብቻ አይወጣም።" ጎሜ የሚሉት የተደበቀ በደል ነው፤ ካልተነገረ ቤት አይረጋም ይላሉ። "አንተስ? ካለብህ ተናገር፤ ከሌለብህም የለብኝም በል።"

"የለብኝም" ብል ያልቅ ነበር። ስሜ ተመልሷል፤ የሚያውቅብኝም የለ። ግን ድምፃቸው ውስጥ ጥርጣሬ አልነበረም። ሲጠረጥሩኝ መጮህ ቀላል ነበር፤ ሲያምኑኝ መዋሸት አቃተኝ።

"የድሮው ስልክዎ" አልኩ። "ከሁለት ዓመት በፊት ለድምፅ ማጉያው ያመጡልኝ። ኦርጅናል ባትሪውን አውጥቼ ያገለገለ ከተትኩበት።"

ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ እኔን አላዩኝም። ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

"ያ ስልክ በሷ እጅ ላይ እያለ ነው ድርግም ብሎ የተበላሸው" አሉ ቀስ ብለው። "እጅሽ ዕቃ አይበረክትለትም ብዬ ሁለት ዓመት ስልክ አላስነካኋትም። እናቷ ካምባ ወረዳ ታመው ሲሞቱ እንኳ ደውላ ድምፃቸውን አልሰማችም።"

ሣሩን እጄ ላይ አስቀመጡት። "ይቅር የምልህ እኔ አይደለሁም። ለሷ ስጣት።"

ዞሬ እትዬ ዓለሚቱ ፊት ቆምኩ። 

"ባትሪው ነበር?" አሉኝ።

"አዎ፣ እትዬ።"

"እኔ እኮ እጄ መስሎኝ ነበር" አሉ። "ጥጥ ስፈትል እንኳ እፈራ ነበር።"

ሣሩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።