ለኋላ ወንበር የተፈቀደ ኪሎ

አናጺው አውሮፕላኑን ለመሥራት ስድስት ዓመት ፈጀበት፤ ለማሻሻል ደግሞ ዘጠኝ ዓመት። ሰፈርተኛው የሚስቀው በስድስቱ ሳይሆን በዘጠኙ ነው። በእንጨትና በሸራ የተሠራች ባለሁለት ወንበር አውሮፕላን ናት። እንጨቷን እሱ ጠረበ፣ የክንፏን ሸራ ልብስ ሰፊ ሚስቱ ሰፋች። እያንዳንዱን ስፌት በቆልማማ መርፌ፣ ጣቷ እየደማ የቋጠረችው እሷ ናት። ታዲያ እስካሁን አንድ ቀን እንኳ አልተሳፈረችባትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ የሙከራ በረራዎች ሲደረጉ የኋላው ወንበር ላይ በሰው ፈንታ አንድ ጆንያ አሸዋ ታስሮ ነበር። ሙከራው ሲያልቅ "በቃ፣ አሁን ያንቺ ተራ ነው" አላት፤ እሷም ደስ ብሏት ሻሿን አሰረች። እሱ ግን ወንበሩን ሲያየው ባዶ ጣውላ ነው። "እንዴት ሚስቴን ጣውላ ላይ!" ብሎ በቆዳ የተለበጠ ወፍራም ወንበር ሠራላት። እሱን ሲጨርስ ክረምት ገባ። ክረምቱ ሲወጣ "ላይ ብርድ አለ" ብሎ ማሞቂያ መግጠም ጀመረ። ቀጥሎ የሞተሩ ጩኸት ጆሮዋን እንዳይጎዳ ውስጡን በሙሉ በስፖንጅ ለበጠው።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይላታል በየዓመቱ።

"የዘገየችስ?" ትለዋለች። ለጎረቤት ስታወራም "ያ ጆንያ እንኳ ከእኔ ቀድሞ ሰማይ አይቷል" ብላ ትስቃለች። ሳቋ ግን ከዓመት ዓመት እያጠረ መጥቷል፤ እሱም ልብ ብሎታል።

ዘንድሮ ቀልዱ አለቀ። የዓይን ሐኪሙ የግራ ዓይኑን መርምሮ፣ የበረራ ፈቃዱ ሲያበቃ ከእንግዲህ እንደማይታደስለት ነገረው። ሃያ ስድስት ቀን ቀርቶታል። አናጺው በማግስቱ የአውሮፕላን መርማሪውን ጠራ፤ አውሮፕላኑ ላይ ዕቃ የጨመረ ሁሉ ሳያስመዝን ሰው ማሳፈር አይፈቀድለትም።

መርማሪው ትሑት ጎልማሳ ነው። በሦስቱ ጎማዎች ሥር ሦስት ሚዛን አስገባ፣ ደመረ፣ ግንባሩን አከከና እንደገና ደመረ።

"ጋሼ፣ ከኋላ የሚቀመጠው ማን ነው?"

"ባለቤቴ።"

"ስንት ኪሎ ናቸው?"

አናጺው ሠላሳ አራት ዓመት በትዳር የቆየው እንዲህ ያለ ጥያቄ ባለመጠየቁ ነው። "ምን፣ ስድሳ ሦስት ብትሆን ነው" አለ እየተቅለሰለሰ።

"ለኋላው ወንበር የቀረልዎት ሃምሳ አንድ ብቻ ነው። የጨመሩት ዕቃ የሰውን ድርሻ በላው።" መርማሪው ወረቀቱን ፈርሞ ሰጠው። "ሲያጌጡ ይመላለጡ ሆነ እኮ፣ ጋሼ" አለ፤ አዝኖ ነው እንጂ ሊያላግጥበት አልነበረም።

አሥራ ሁለት ኪሎ። አናጺው ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ጎማው ሥር ቁጢጥ አለ። ሁሉንም ያስገባው ለእሷ ብሎ ነው፤ ለእሷ ያለው ሁሉ ተባብሮ እሷን አስወጣት። ይህን እቤት ገብቶ መናገር አቃተው። ያደረገው ነገር ደግሞ ለወሬም አይመችም፤ ሚስቱን ሊያከሳት ተነሳ! ራት ላይ "ማታ ሲበሉ እንቅልፍ ይነሳል" ይላል። ገበያ ሲሄዱ "በእግራችን እንሂድ" ይልና ሲመለሱ በረጅሙ መንገድ ያዞራታል። ልብስ ሰፊዋ የእጮኝነታቸው ዘመን የተመለሰ መስሏት ክንዱን ይዛ ዳገቱን ትወጣለች። እሱን ከምንም በላይ ያሳረረው ይሄ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን የሸሚዙን ቁልፍ ልትተክል ስታነሳው ወረቀቱ ከኪሱ ወደቀ። አነበበችው።

"የእግር መንገዱ ለዚህ ነው?"

ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አሸሸ።

"እኔ ደግሞ ወደደኝ ብዬ!" ሳቅ ጀምሯት ነበር፤ እንባዋ ቀደመ። "አንተ ሰውዬ፣ ወንበር ለብጥልኝ ብዬህ አውቃለሁ? በረደኝ ብዬህ አውቃለሁ? አሳፍረኝ ነው ያልኩህ።"

"እንዳይከፋሽ ብዬ እኮ ነው። ያን ሁሉ ሰፍተሽ፣ አንዴ ወጥተሽ ባትወጂውስ?"

"ሳልወጣ ብቀር ይሻላል?"

መልሱን አልጠበቀችም፤ ትልቁን መቀሷን ይዛ አውሮፕላኗ ወደምትቆምበት መጋዘን ቀድማው ሄደች።

እሱ ብሎን ሲፈታ፣ እሷ ስፖንጁን እየቀደደች ስታወጣ ሁለት ቀን ዋሉ። ማሞቂያው ወጣ፣ ባለቆዳው ወንበር ወጣ፣ የድሮው ጣውላ ተመለሰ። መርማሪው መጥቶ መዘነ።

"ዘጠኝ ወጥቷል። ሦስት ይቀራል፤ ከነዳጁ ደግሞ እንድትቀንሱ አልፈቅድም።"

ልብስ ሰፊዋ የእጅ ቦርሳዋን አስቀመጠች። ጉትቻዋን ፈታች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀችና ሚዛኑ አጠገብ በባዶ እግሯ ቆመች። አናጺው ሲያያት አንጀቱን በላችው።

ከፊተኛው ወንበር ሥር አንዲት የመፍቻ ሣጥን አለች። ከመጀመሪያው በረራ ጀምሮ ያለሷ ተነስቶ አያውቅም፤ መርማሪው "አየር ላይ ወርደው ብሎን ሊያጠብቁ ነው?" እያለ ስንቴ ቀልዶበታል። አናጺው እጁን ሰዶ ጎትቶ አወጣትና መሬት ላይ አኖራት።

መርማሪው ሣጥኗን ለብቻዋ መዘናት። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም።

"ጫማዎን ያድርጉ፣ እትዬ" አላት።

በማግስቱ ጠዋት ተነሱ። ሃያ አምስት ደቂቃ ቆዩ። በሞተሩ ጩኸት ምክንያት አናጺው የሚስቱን ድምፅ አንዴም አልሰማም፤ ዞሮም ሊያያት አልቻለም። አረፉ። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ፊቱን ሳይመልስ፣ "እንዴት ነበር?" አላት።

"ወንበሩ ይቆረቁራል።"

"እሺ።"

"ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። ጩኸቱማ አይወራ፣ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው።"

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የፈራው አንድም ሳይቀር ደርሷል። አናጺው አንገቱን ደፋ። ከኋላው አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማ።

"ስንት ቀን ቀረን?" አለችው።

"አሥራ ሁለት።"

"እንግዲያው ነገም በጠዋት ቀስቅሰኝ።"

ቀና ብሎ ዞረ። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወርዶ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ በሸራው ክንፍ ላይ ያለውን የራሷን ስፌት ታያለች። ቀበቶዋን ገና አልፈታችም ነበር።