ሳያነቡ መለሱን

መመለስን አውቃለሁ። ከሰባተኛ ክፍል አስወጥተው መርካቶ አጎቴ ሱቅ ሲሰዱኝ፣ ታናሽ ወንድሜ በእኔ ቦርሳ ተምሮ ዛሬ ባለ ዲግሪ ነው። እኔ ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒ የማነሳ፣ ማመልከቻ የምተይብ ሰውዬ ነኝ። አንድ የቢሮ ጸሐፊ የተየብኩትን ወረቀት በሰው ፊት በቀይ እስክሪብቶ አርሞብኛል፤ መልኩ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ስለዚህ የእነ ሀያቱ ደብዳቤ ከጀርመን አገር ሲመለስ ብዙም አልገረመኝም።

ሀያቱ ዑመይር የበርበሬ ሴቶቹ ሊቀመንበር ናት። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው የማረቆ በርበሬ ይቀነጥሳሉ፣ ያሰጣሉ፣ ያስፈጫሉ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጇን ድራ ብቻዋን ነው የምትኖረው። በእሷና በእኔ መካከል የቆየ ነገር አለ። ኢህአዴግ በገባበት ዓመት ሽማግሌ ልኬባት አባቷ ሐጂ ዑመይር መልሰውብኛል። ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ በአንድ ከተማ ስንኖር ሰላምታችን ከአንገት በላይ ነበር። በመናኸሪያው ዙሪያ ኢንተርኔት ያለው ሱቅ የእኔ ብቻ ባይሆን ኖሮ ደጄን እንደማትረግጥ አውቃለሁ። እኔም አግብቼ ነበር፤ አልሆነም።

የእህቷ ልጅ ራምዚ አዲስ አበባ በኮምፒውተር ነው የሚሠራው። ለማኅበሩ በኢንተርኔት ላይ ስም አስመዝግቦ፣ በዚያው ስም የኢሜይል አድራሻ ከፍቶላቸዋል። በዚህ አድራሻ አንድ ጀርመናዊ የቅመም ነጋዴ «የላካችሁትን ቀምሰን ወደነዋል፤ መስማማታችሁን በወሩ ማለቂያ ጻፉልን» ብሎ ላከ። ሀያቱ መልሱን አስተየበችኝ። ላክነው። ገና ከወንበሬ ሳልነሳ ተመልሶ መጣ።

ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ ነው። ከውስጡ የገባችኝ አንዲት ቃል ናት፤ እምቢ የምትለዋ። ሌላው ምን ያደርግልኛል? አጠፋሁት። የስድብ ወረቀት አጣጥፎ የሚያስቀምጥ ማን አለ?

ደግመን ላክን፤ ተመለሰ፤ አጠፋሁት። አድራሻውን ፊደል በፊደል አመሳከርኩ፤ ልክ ነው። መብራት ሄደ፣ መጣ፤ ላክን፤ ተመለሰ።

ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ ሃሊማ ደጃፉን ተደግፋ ታየኛለች። ምላሷ ከሚፈጩት በርበሬ አይተናነስም።

«ጀማሉ፣ ጀርመኖቹንም ተጣላሃቸው እንዴ?»

«እኔ ምን አደረግኋቸው?»

«እሱማ፣ አንተ ምን ታደርጋለህ፤ ሁሌ ሰው ነው የሚያደርግህ!»

እሷንም ከናቁኝ ሰዎች ጋር መዝግቤያታለሁ።

በሳምንቱ ከጀርመናዊው ሌላ ደብዳቤ ገባ። የእሱ ወደ እኛ ይመጣል፣ የእኛ ነው የማይሄደው። እንደምንም ተረጎምኩት፦ ከናንተ ምንም አልሰማንም፤ ካልፈለጋችሁን ወደ ሌላ እንሄዳለን።

ሀያቱ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ለሴቶቹ «ገዢ አግኝቻለሁ፣ በርበሬያችሁን ለደላላ እንዳታወጡ» ያለቻቸው እሷ ናት። እነሱም ቃሏን ይዘው ጆንያቸውን ሰፍተው ተቀምጠዋል። ወሩ ሊያልቅ ነው።

«አየህ፣ እኛ የናቅናቸው ነው የሚመስላቸው» አለችኝ።

ይህቺ ነገር ውስጤ ገባች። እኔ የማውቀው መናቅን ነው። ያ ማዶ ያለው ሰውዬም እንደኔ ቁጭ ብሎ «ናቁኝ» ሊል እንደሚችል አስቤ አላውቅም።

«ከእኔ አድራሻ እንላከው።»

«በሰው ስም? የማኅበሩን ስም ትቼ ከመንገድ በተገኘ አድራሻ ብጽፍለት አጭበርባሪ ነው የሚለኝ። በስማችን ነው የሚሄደው።»

«እንግዲያ ለራምዚ ደውይለት።»

ልጁን ማናገር አልወደድኩም። የአዲስ አበባ ልጅ፣ ተምሯል፤ ይስቅብኛል። ሀያቱ ግን ደውላ ስልኩን ሰጠችኝ።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ጀማሉ። የተመለሰውን አንብብልኝ እስቲ።»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ሳቁን ጠበቅሁ። አልሳቀም። «ችግር የለውም፣ አንዴ ድገመው። ሲመለስ ግን እንዳታጠፋው። የመለሱበትን ምክንያት እዚያው ላይ ነው የሚጽፉት።»

ላክሁት፤ እንደ ልማዱ ተመለሰ። ማንበብ ጀመርኩ። እጄ የኮምፒውተሩ መዳፊት ላይ ስለሆነ ሀያቱ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዛልኛለች። ጣቷ በርበሬ በርበሬ ይላል፤ ዓይኔን አቃጠለኝ፣ ግን ዞር አላልኩም። ቃሉ ሲከብደኝ ፊደሉን አንድ በአንድ እጠራለሁ፤ ራምዚ «እሺ፣ ቀጥል ጋሼ» ይላል። ተሳስቼ ወደ ኋላ ስመለስ አብሮኝ ይመለሳል። እንደዚያ ታግሶ ያስነበበኝ አስተማሪ አልገጠመኝም።

መሀል ላይ ስደርስ «በቃ፣ በቃ! አገኘሁት» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጉት፣ አክስቴም ትስማ።»

ሀያቱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ስማችንን ያስመዘገብኩበት ቦታ ላይ አንድ መዝገብ አለ» አለ ራምዚ። «'በእኔ ስም ደብዳቤ የሚያደርሰው እገሌ ነው' የሚል። ክረምት ላይ ኢሜይላችንን ከድሮው ድርጅት ወደ ሌላ አዛውሬዋለሁ፤ መዝገቡን ግን ማስተካከል ረሳሁ። አሁን ደብዳቤው ጀርመኖቹ በር ሲደርስ በረኛው አይከፍተውም። መጀመሪያ መዝገባችንን ይጠይቃል፦ 'ይሄ ሰው ከናንተ ነው?' መዝገባችን የሚያውቀው የድሮውን ብቻ ነው። ስለዚህ 'አላውቀውም፣ መልሱት' ይላል።»

«ማነው የሚለው? ጀርመኑ?» አልኩ።

«አይደለም እኮ ጋሼ። የራሳችን ቤት ነው የሚለው። ጀርመኑ ደብዳቤውን አላየውም። አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ፤ ለውጡ በየቦታው እስኪታይ ግን ጥቂት ሰዓት ይፈልጋል። ከዙህር ሶላት በኋላ ላኩት።»

ስልኩ ተዘጋ። ሃሊማ ምሥራቹን ይዛ ወደ ሴቶቹ በረረች። ሀያቱ ግን አልተነሳችም። የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች እየፈታች ቆየችና፣

«እንዳንተ ሽማግሌዎች» አለች።

ከሃያ ዓመት በላይ በመካከላችን ያልተነሳ ነገር ነው።

«አባትሽ ናቸው የመለሷቸው።»

«አባቴማ አስቀምጧቸው ነበር። ቆጮና አይብ ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ፤ ከዚያም በበሩ ስንጥቅ አይቻቸዋለሁ። ሦስቱም የመናኸሪያ ልጆች፣ የተዋሱት ኮት ትከሻቸው ላይ አልበቃ ብሎ። አባቴ 'ማን ላካችሁ?' አላቸው። 'ጀማሉ ሸረፋ' አሉ። 'አባቱስ?' ዝም። ያኔ አባቴ ሰው ወደ አባትህ ላከ፤ 'እነዚህን ልጆች ልከሃቸዋል ወይ?' ብሎ።»

«እና?»

«አባትህ 'እኔ የላክሁት ሰው የለም' አለ። ምን ይበል? ሳትነግረው!»

ከአባቴ ጋር ያኔ አንነጋገርም ነበር። ከትምህርት ያስወጣኝ እሱ ነዋ። አፌን ልከፍት ስል እጇን አነሳች።

«ቆይ። አባቴ እምቢ አላለም። 'ሂዱና አባቱን ይዛችሁ ኑ' ነው ያላቸው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«እነሱ 'መለሱን' ብቻ ነው ያሉኝ።»

«አንተስ ጠየቅሃቸው?»

የጠየቅሁ አይመስለኝም። ፊታቸውን አይቼ በቃኝ።

«በርበሬው ሁለት ጊዜ ደርሶ እስኪለቀም ጠብቄያለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ከዚያ ሌላ ሰው መጣ። ደግ ሰው ነበር፣ አላህ ይዘንለት። ግን መጠበቁን ጠብቄሃለሁ። አንተ ደግሞ መንገድ ላይ ስታየኝ ጠላት እንዳየ ሰው ትሆናለህ።»

ተነስቼ የፎቶ ኮፒ ማሽኑን አቧራ ጠረግሁ፤ አቧራ አልነበረውም።

ከዙህር በኋላ ላክነው። ከዚያ መጠበቅ ነው። ሰው የሚጠብቀው እንዲመጣለት ነው፤ እኛ የጠበቅነው እንዳይመጣ ነው። ሁለታችን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ኮምፒውተሩ ላይ ባዶውን የደብዳቤ መስኮት እናያለን። የሆሳዕና አውቶቡስ ገብቶ ወጣ። አንዱ መታወቂያ ኮፒ ሊያስነሳ መጣ፤ «ነገ» አልኩት። ሀያቱ ትንፋሿን ውጣ፣

«ዘገየ አይደል?» አለች።

«ዘገየ።»

«ስለዚህ...»

«ዝም በይ፣ እንዳይሰማ።»

ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት በልጅነቷ ነው። ደብዳቤው አልተመለሰም። የአሱር ሶላት ሲደርስ ጀርመናዊው በሁለት መስመር መለሰ፦ ደርሶናል፤ ትታችሁን መስሎን አዝነን ነበር፤ በርበሬውን አሰናዱ። ሀያቱ ማያ ገጹን በመዳፏ ነካችው፤ ቀይ አሻራ ቀረበት። አላጸዳሁትም።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች። «ጀማሉ» አለች፣ ወደ መንገዱ እያየች፣ «ሰው ደብዳቤውን ከመላኩ በፊት ነው ቤቱን የሚያስተካክለው፤ አይደል?»

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ወደ እንሴኖ ተሳፈርኩ። ታላቅ እህቴ ከድጄ እዚያ ናት። አባቴ የሞተ ጊዜ «ሁሌ ይጠብቅህ ነበር» አለችኝ፤ መውቀሷ ነው ብዬ ለአረፋ እንኳን ደጇን ሳልረግጥ ቀረሁ። እዚያ መኪና ውስጥ ሆኜ ቃሏን መላልሼ አሰብኩት። ወቀሳ አልነበረም። የሆነውን ነው የነገረችኝ። አባቴ ከሐጂ ዑመይር መልእክተኛ ሰምቷል፤ ልጁ ሽማግሌ ፈልጎ እንደሆነ አውቋል፤ መጥቶ እንዲነግረው ደጁን እያየ ቀርቷል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ዓይኔን አይታ «ታመሃል እንዴ?» አለችኝ። «በርበሬ ነው» አልኳት።

ከድጄ እንሰቱ ጥግ ቆማ ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አየችኝ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያ ምን አመጣህ?»

«ሽማግሌ ልልክ ነው። የአባባን ቦታ የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ አስቀድሜ ልነግርሽ መጣሁ።»

«በዚህ ዕድሜህ? ማን ላይ?»

«የሐጂ ዑመይር ልጅ ላይ። ሰው ልከው ከጠየቁሽ...»

ከድጄ እንደ ልጅነቴ ጆሮዬን ይዛ ጎተተችኝ።

«ለሽማግሌው አጎታችንን እኔ አናግረዋለሁ። ከጠየቁኝ ደግሞ እኔ ነኝ የላክኋቸው እላለሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ?» አለች። «ግባ አሁን። ኮትህን አውልቀው፣ ይታጠብ። በዚህ ኮት ማንንም አልልክም።»