የአክስቷ ሴሎች

ልጅቷ ዶክተር የምትባልበት ጥናት ሲያወሩት ቀላል ነው። የጉበት ሴል በፕላስቲክ ሳህን ላይ ይራባል፣ እሷ ዚንክ ታጠጣዋለች። ዚንኩ ታዲያ ተራው አይደለም፤ ያው ዚንክ ሆኖ ክብደቱ ትንሽ ላቅ ያለ ነው። ጨረር የለው፣ ምን የለው። ማሽኑ በክብደት እየለየ፣ ሴሉ ውስጥ ድሮ የነበረው ይህን ያህል፣ ዛሬ የገባው ይህን ያህል ብሎ ቁጭ ያደርግላታል። ክሬምና የፊት ዱቄት ዚንክ ስላለባቸው ሥራዋን እንዳያበላሹባት ከተወቻቸው አራት ዓመቷ ነው። ቀለበትም አታደርግም። እጮኛዋ «የሠርጋችን ቀን ቀለበቱን ኪስሽ ነው የምከተው» እያለ ይቀልድባታል።

ሴሎቹን የምታሳድግላት አክስቷ ናት፤ የእናቷ ታናሽ። ልጅቷ በምትሠራበት ላቦራቶሪ፣ ሴል ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ ልጅቷንም እጇን ይዛ ያስገባቻት እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት ሳህኖቹን ስታቀብላት «ልጆችሽን አብልቻቸዋለሁ» ትላታለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና የምታምነው ሰው ቢኖር እሷን ብቻ ነው።

እነዚያ ሴሎች ግን ግትር ነበሩ። ጉበት ውስጥ ቶሎ ይገባል የተባለው ዚንክ በሷ ሳህን ላይ ይንቀራፈፋል። ብትደጋግመው ብትደጋግመው ያው ነው። አማካሪዋ ደስታውን አልቻለውም፤ «ይሄ ማንም ያላየው ነገር ነው» አላት። እሷም አመነችና ሁለት መቶ ገጽ ጻፈችበት። የፊታችን ማክሰኞ ፈታኞች ፊት ልትቆም ነው።

ጉዱ የፈላው ሐሙስ ነው። ከፈታኞቹ አንዱ ሴሎቹ ጉበት ለመሆናቸው ማረጋገጫ ስለጠየቀ፣ ናሙና ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ልካ ነበር። መልሱ ሁለት መስመር ነው፤ ጉበት አይደለም፣ ኩላሊት ነው። ክው አለች። የኩላሊቱ ሴል ከጉበቱ ጎን፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው የሚያድገው፤ የምትይዘውም ያቺው አክስቷ ናት።

ሰው ነች፣ ተምታቶባት ይሆናል እያለች ወደ ሴል ክፍል ወረደች። አክስቷ ጓንቷን ሳታወልቅ ወረቀቱን አነበበች። አልደነገጠችም። የልጅቷን አንጀት ያሳረረው ይሄ ነው።

«ታውቂ ነበር?»

«የመጣሽ ዓመት ማሞቂያው ተበላሽቶ ጉበቶቹ አለቁብኝ። በረዶ ቤት መጠባበቂያ ማስቀመጥ የኔ ሥራ ነበር፤ አላስቀመጥኩም። ቢሰሙ ያባርሩኝ ነበር። ለጊዜው ብዬ ከኩላሊቱ ቀንሼ የጉበቱን ስም ለጠፍኩበት። አዲስ አስመጣለሁ ስል አንቺ ጀመርሽው።»

«አራት ዓመት እኮ ነው፣ አክስቴ።»

«አዲስ ነገር አገኘሁ ብለሽ ስትፈነጥዢ እንዴት ላፍርስብሽ?»

ዓይኗን በጨው አጥባ ነው እንዲህ የምትላት። ሌላ ሰው ቢሆን ተሳድባ ይወጣላት ነበር፤ የእናቷን እህት ምን ታድርጋት?

«ማክሰኞ ልትመጪ ነበር?»

«እንዴት እቀራለሁ? ልብስ ሁሉ አሰፍቻለሁ።»

ከልቧ ነው ያለችው፤ የባሰውም እሱ ነው። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ውሸት መሆኑን እያወቀች፣ በአዲስ ልብስ ልታጨበጭብላት ነበር።

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ አማካሪዋ ጋ ደወለች።

«ስሜን ትጠሪያለሽ?» አለች አክስቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጡረታዬ አምስት ወር ነው የቀረው።»

ልጅቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈች። ስልኩ ይጠራል። አክስቷ ወደሷ መጣች። ልጅቷ ልታቅፈኝ ነው ብላ አሰበች፤ ያ ሁሉ ሆኖ እንኳ ብታቅፋት አትጠላም ነበር። አክስቷ ግን አልፋት ሄደችና፣ ኮሪደር ላይ ያሉት እንዳይሰሙ በሩን ዘጋች።

አማካሪዋ «አቤት» ሲል ልጅቷ በሩን መልሳ ወለል አድርጋ ከፈተችው። ከዚያ የአክስቷን ስም ከነአባቷ ጠርታ ነገረችው።