ከጨው በታች

በ፲፱፻፳፮ ዓ.ም. ነጂባና ባሏ ሙደሲር ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚያወርደው መንገድ ዳር አቡጀዲ የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸው። የሚያድሩትም ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ከላያቸው ያለው ፎቅ የቤቱ ባለቤት የወይዘሮ እፀገነት የአሞሌ ጨው ማከማቻ ነበር። ወለሉ እንደ ሰፈሩ ፎቆች ሳንቃ አልነበረም፤ ብረት ተዘርግቶበት የፈሰሰ ሲሚንቶ ነው። «ሳንቃ ይበሰብሳል፤ የኔ ድንጋይ ነው» እያሉ ወይዘሮዋ ዓመት ከዓመት ጨዋቸውን ይከምሩበታል።

ክረምቱ ሲገባ ከጣሪያው ቡናማ ውሃ አቡጀዲው ላይ ጠብ አለ። እድፉ ቢታጠብ አልለቅ አለ። ቀጥሎ ቀጭን ስንጥቅ ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር ሄደበት። አንድ ቀን ነጂባ ጨርቅ እየለካች ሳለ፣ የእንቅብ ክዳን የሚያህል ልስን ተገምሶ ከእግሯ ሥር ዱብ አለ። ቀና ስትል ብረቱ ተገልጦ ታያት። ብረትም አይመስል፤ እንደ ዛፍ ልጥ ተላልጦ፣ አብጦ፣ ቀልቷል።

ሙደሲር ደበሳይን ጠራው። ደበሳይ ምጽዋ ሲሚንቶ ሲያፈስ የኖረ የሐማሴን ግንበኛ ነው። መሰላል ላይ ወጥቶ ጣሪያውን በመዶሻ ቆረቆረው። አንዳንዱ ቦታ ጠንከር ያለ ድምፅ ሰጠ፤ አንዳንዱ ግን እንደ ባዶ ቅል አስተጋባ። ዝገቱን በጥፍሩ ፋቀና ምላሱ ላይ አደረገው።

«ጨው!» አለ። «በክረምት ጨው ያልበዋል። ላቡ በሲሚንቶው እየሰረገ ብረቱን በልቶታል። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ ደግሞ ሲሚንቶውን ይሰነጥቀዋል።»

«ይወድቃል?» አለች ነጂባ።

«እንጃ። ስንት ብረት እንደተረፈ ከውጭ አይታይም። ስንጥቁ መስፋት አለመስፋቱን ግን ማወቅ ይቻላል።»

ከመስኮት መስተዋት ቀጭን ቁራጭ ቆርጦ፣ ስንጥቁን አሻግሮ ሁለቱን ጫፎች በጄሶ ለጠፋቸው።

«ስንጥቁ ትንሽ ከተላወሰ ይሄ ይሰበራል። ከተሰበረ ይሄን ላንሳ ያንን ላንሳ እንዳትሉ። ውጡ!»

ወይዘሮ እፀገነትም ወርደው አዩት። አልተቆጡም። «ታዲያ በዚህ ዝናብ ጨዉን የት ላድርገው?» አሉ። «ሟሙቶ ማለቁ ነው። መስከረም ይጥባና አስነሳዋለሁ።» ሙደሲርም ሌላ ሱቅ እስኪያገኝ ሌላ መላ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ ነጂባ ሰው መሆኗ ቀረ። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቃት ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ትመልሳለች። የአራዳ ቀልደኞች «ነጂባ ዋጋውን ከሰማይ ነው የምታነበው» ብለው ሳቁባት። ላይ ተሸካሚዎች ጨው ዱብ ባደረጉ ቁጥር ወደ ደጃፉ ትሮጣለች። ምሳዋን የምትበላው ደጃፍ ቆማ ነው።

አንድ ዓርብ ሙደሲር ወደ መስጊድ ሄዶ ሳለ፣ ሁለት ሴቶች ጨርቅ ሊገዙ ገቡ። ነጂባ እንደ ልማዷ ቀና አለች። መስተዋቱ ቦታው ላይ ነው። ግን መሐሉ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር አለ። የሸረሪት ድር መሰላት። ጠጋ አለች። ድር አይደለም። ከስንጥቁም እንደ ተነፋ ዱቄት ያለ አቧራ ይወርድ ጀመር።

«ውጡ!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ነጠላቸውን ጥለው ሮጡ።

መንገዱ ላይ ቆማ ስታለከልክ፣ በላይኛው መስኮት የወይዘሮ እፀገነት ሳል ተሰማት። ነጂባ ዙሪያዋን ቃኘች። ሌላ ሰው ቢሄድላት ተመኘች፤ የሆነውን የሚያውቅ ግን ማንም የለም። ግድግዳውን እየደገፈች የውጭውን ደረጃ ወጣች።

«እሜቴ፣ ይውረዱ! መስተዋቱ ተሰበረ!» አለች ከበሩ ላይ።

«ጨዉን ጥዬ? ይልቅ ተሸካሚ ጥሪልኝ» አሉ፤ ከክምሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

ነጂባ ልትመልስ ብትል ጥርሷ እርስ በርሱ ተንቀጫቀጨ። እያለቀሰች አንድ እግሯን ወለሉ ላይ አሳረፈች። ሌላውን አስከተለች። እጇን ዘረጋችላቸው። አሮጊቷ እጇን አዩ፤ ፊቷን አዩ።

«ይህን ያህል ፈርተሽ ነው የመጣሽው?» አሉና ተነሥተው አብረዋት ወረዱ።

ውጭ ሰው ተሰብስቦ ጠበቀ። ምንም አልወደቀም። ሳቅ ተጀመረ። ሙደሲር ከመስጊድ ሲመለስ ሚስቱን በሕዝብ መሐል ነጠላዋ ከራሷ ወርዶ አገኛትና አፈረ።

«ጥቂት ጣቃ አቡጀዲ ብቻ ላውጣ» አለ።

ነጂባ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ እግሩን አቀፈችው። «ረግጠኸኝ ግባ!»

«ኧረ በሰው ፊት አታዋርጂኝ!»

ብብቷ ሥር ይዞ ጎትቶ አነሣት፤ ከደጃፉም ወደ መንገዱ ሳባት። ያን ጊዜ ከውስጥ ጨርቅ ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ ወለሉም ከነጨዉ ወረደ። ነጭ ብናኝ በበሩ ተትጎልጉሎ ወጥቶ ሰዉን ሁሉ አለበሰው። የሚስቅ አልነበረም።

ደበሳይ ሲደርስ ከፍርስራሹ አንድ ብረት መዘዘ። በእጁ ሲያጥፈው ተሰበረ። «እኔ ሳምንታት የሚቆይ መስሎኝ ነበር» አለና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

ዝናቡ እንደገና ጀመረ፤ በበሩ የተዘረገፈው አሞሌ በጭቃው ላይ መሟሟት ያዘ። ወይዘሮ እፀገነት ወደ ጨዉ ዞረውም አላዩ። ነጂባ አጥር ሥር ተቀምጣ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ሰዎች «ጎበዝ» ቢሏትም አትሰማም። አሮጊቷ ጋቢያቸውን አውልቀው ደረቡላት፤ አጠገቧም ተቀመጡ።

«እኔስ ፍርሃቴ ገና አሁን መጣ» አሏት፤ እጇንም ያዙ። ሙደሲር ከአፍንጮ በር ማደሪያ ፈልጎ እስኪመለስ ድረስ፣ ሁለቱ ሴቶች በዝናቡ ውስጥ እንደተያያዙ ቆዩ።