ያልጠራችው አስተርጓሚ

ሐረገወይን እንደ ወትሮው ማንቂያው ሳይጮህ ነቃች። መጋረጃውን ገለጠች። ሌሊቱን የወረደው በረዶ በሊንደበርግ ሰፈር ፎቆች መሐል እንደተነጠፈ ነው፤ ጠራጊው መኪና ገና አልደረሰም። የአጃ ገንፎዋን በወተት አብስላ፣ ቀረፋ ነስንሳበት፣ ቆማ በላች። ሳህኗን አጠበች። ዛሬ ከሆስፒታሉ ቤተ ሙከራ ፈቃድ ስለወሰደች የሥራ ቦርሳዋን አልነካችውም። ግራጫ ሹራብና ጥቁር ቀሚስ ለበሰች።

ልጇ ናታሊ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ከመታጠቢያ ቤቱ ብቅ አለች።

«ማማ፣ ቀብር ነው እንዴ የምትሄጂው?»

«ስብሰባ ነው።»

«እና ጥቁር በጥቁር?»

«ሹራቡ ግራጫ ነው።»

ናታሊ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ትታ ተጠጋቻት። «በኖርዌይኛ ነው አይደል የምትናገሪው? እዚያ ማንም አያውቅሽም። ዝም ብለሽ ንገሪያቸው።»

«እነግራቸዋለሁ» አለች ሐረገወይን፣ ጫማዋን እያሰረች።

ነገሩን የሚያውቁት እነሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ዓምሃ፣ የሐረገወይን ባል፣ የናታሊ አባት፣ ከአራት ዓመት በፊት ራሱን አጥፍቷል። በዚያ ሳምንት ከሁሉ ቀድሞ የደወለላት ሰው «ልቡ ነው?» ብሎ ሲጠይቃት «አዎ» አለችው፤ ያች አንዲት ቃል ከዚያ በኋላ በገዛ እግሯ ሄደች። ዓምሃ በቤተ ክርስቲያን ፍትሐት ተደረገለት። ሰው ሁሉ «የሥራ ብዛት ልቡን ጨረሰው» እያለ አለቀሰለት። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ ስትሰማ ያደገችው ሐረገወይን አላረመቻቸውም። የፊታችን እሑድ ሙት ዓመቱ ነው። ስሙ በጸሎት ይጠራል፣ በአዳራሹም ዝክር ይበላል።

ስብሰባው የሌላ ዓለም ነገር ነበር። ባለፈው መከር አንድ የምርምር ተቋም ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ከሚደረጉት ጥናቶች የትኛው ይቅደም ሲል ሕዝቡን ጠየቀ። ሐኪሞቹን ብቻ ሳይሆን ሞክረው የተረፉትን፣ ሰው ሞቶባቸው የቀሩትንም ጭምር። ሐረገወይን አንድ ጥያቄ ጻፈች። ብዙ ጊዜ ሰርዛ፣ ብዙ ጊዜ አሳጥራ፣ በመጨረሻ በኢንተርኔት ላከችው፦ በጥቂት ወገኖቹ መካከል የሚኖር ሰው፣ የሚተረጉምለት የሚያውቀው ሰው ሲሆን፣ የልቡን ለሐኪም እንዴት ይናገራል? ከወራት በኋላ ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል ከሚያስቀምጡት ሰዎች አንዷ እንድትሆን ተጋበዘች። ዕድሜዋን በቤተ ሙከራ ያሳለፈች ሴት ናትና አንድ ነገር ታውቃለች፤ ናሙናው ከተበላሸ መሣሪያው የቱንም ያህል ቢረቅ የሚወጣው ውጤት አይረባም። ጥያቄም እንደዚያው ነው። ዓምሃ መልስ አያስፈልገውም። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ሆኖ እንዲቀርብ ትፈልጋለች። ወደ ስብሰባው የምትሄደው ለዚህ ነው።

በከተማው መሐል፣ በአዳራሹ በር ላይ፣ ሲሪ የምትባል ወጣት ተመራማሪ እጇን ጨበጠቻት።

«በምዝገባው ላይ የአፍ መፍቻ ቋንቋሽ አማርኛ መሆኑን አየን» አለች ሲሪ ደስ ብሏት። «እንዳትቸገሪ አስተርጓሚ አዘጋጅተንልሻል።»

«እኔ እኮ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም…» ብላ ጀመረችና ቀና ስትል አየቻቸው።

ወይዘሮ በቀለች ነበሩ። የቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ፣ የእሑዱን የዝክር ድፎ ዳቦ እኔ ነኝ የምጋግረው ብለው የተቀበሉት ወይዘሮ በቀለች፣ የአስተርጓሚነት መታወቂያ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተቀምጠዋል።

«ሐረግዬ!» አሉ ብድግ ብለው። አቅፈው ሳሟት። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የስብሰባውን ርዕስ አዩ፤ መልሰው እሷን አዩ። እጃቸው ትከሻዋ ላይ ቀረ።

«ለ… ለሥራሽ ነው? ከሆስፒታሉ ልከውሽ?»

ሐረገወይን ይህን በር ታውቀዋለች። ያ የመጀመሪያው ደዋይም እንዲህ ከፍቶላት ነበር። «አዎ» ብትል ይዘጋል፤ እሑድም እንደታሰበው ይውላል።

«አይደለም፣ እትዬ በቀለች።»

ወይዘሮ በቀለች የነጠላቸውን ጫፍ ጨበጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ካልሽ እሄዳለሁ» አሉ። «አመመኝ እላለሁ። አላየሁሽም፣ አላየሽኝም።»

«ይቀመጡ።»

ለምን እንዳለች በቅጡ አላወቀችም። ብቻ አለች፤ ጎን ለጎንም ተቀመጡ።

በጠረጴዛው ዙሪያ ከሲሪ ሌላ አንዲት ነርስና ኧርሊንግ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ኧርሊንግ ከላምበርትሴተር ሰፈር የመጡ፣ ጡረታ የወጡ የእንጨት ሥራ መምህር ናቸው፤ ወንድ ልጃቸውን እንዲሁ አጥተዋል። ይህን ሲናገሩ የአየር ጠባይ እንደሚናገር ሰው ቀጥ ብለው ተናገሩት። ከዚያ የብስኩቱን ሳህን ወደ ሴቶቹ ገፋ አድርገው፣ «ቡናውን አትንኩ፣ ሕዝብ አልተጠየቀበትም» አሉ።

ሲሪ አሠራሩን አስረዳች። ከመላው አገር የተላኩት ጥያቄዎች ብዙ ስለነበሩ ተመሳሳዮቹ ተጠቃለው ካርድ ላይ ታትመዋል። ካርዶቹ ይነበባሉ፣ ሰው ሐሳቡን ይሰጣል፣ በጠረጴዛው ላይ ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ። ከታች የቀሩት ይወድቃሉ።

ወይዘሮ በቀለች ወደ ጆሮዋ ዘንበል ብለው እያንዳንዱን ይተረጉሙላት ጀመር። ሐረገወይን ኖርዌይኛውን አስቀድማ ትሰማዋለች፤ አማርኛው ከኋላ እንደ ጥላ ይከተላል። ግን አላስቆመቻቸውም።

በመጨረሻ የእሷ ካርድ መጣ። ሲሪ አነበበችው፦ «ለስደተኞች በቂ አስተርጓሚ እንዴት ማቅረብ ይቻላል?»

ሐረገወይን ሌላ ካርድ ይኖር እንደሆነ ጠበቀች። አልነበረም። ጥያቄዋን ከሌሎች ጋር ሲያጠቃልሉት፣ በደግነት፣ ገልብጠውታል።

«ይሄ የከተማው አስተዳደር ሥራ ነው» አሉ ኧርሊንግ። «አስተርጓሚ ካነሰ ይቅጠሩ። ምርምር ምን ያደርግለታል?» ካርዱን በጣታቸው ወደ ታች ገፉት። ነርሷም በመስማማት ራሷን ነቀነቀች።

ሰውየው ልክ ናቸው። ካርዱ እንደተጻፈው ከሆነ መውደቅ አለበት። ትክክለኛውን ጥያቄ ለማስረዳት ደግሞ አንድ መንገድ ብቻ አለ። በኖርዌይኛ ልትናገረው ትችላለች፤ ቤት ተለማምዳዋለች፣ ናታሊ ሰዋስውዋን አርማላታለች። ጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ ግን ኖርዌይኛውንም ይሰማሉ፤ እንደ ወሬ፣ እንደ ጎረቤት ግድግዳ ድምፅ ይሰሙታል። እንዲያ እንዲሰሙት አልፈለገችም።

ወንበሯን አዞረች።

«እትዬ በቀለች፣ በአማርኛ ነው የምናገረው። ይተርጉሙልኝ።»

«ሐረግዬ፣ ይቅርብሽ…»

«ባለቤቴ ዓምሃ በልብ ሕመም አልሞተም። ራሱን ነው ያጠፋው።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ለጠረጴዛው ምንም አይነግረውም ነበር። ለአንድ ሰው ብቻ የተነገረ ነው፤ ያም ሰው ሰምቷል። ወይዘሮ በቀለች የውኃውን ብርጭቆ አንስተው ሳይጠጡ አስቀመጡት። አስተርጓሚ በተናጋሪው አፍ ነው የሚናገረው፤ «እሷ እንዲህ አለች» አይልም፣ «እኔ» ይላል። ሕጉ ነው።

«ባለቤቴ ዓምሃ» አሉ በኖርዌይኛ፣ ወደ ጠረጴዛው ሳይሆን ወደ ገዛ እጃቸው እያዩ፣ «በልብ ሕመም አልሞተም። ራሱን ነው ያጠፋው።»

ያ ቃል በእሳቸው አፍ ሲወጣ ሐረገወይን ትከሻዋ ላይ የነበረ ነገር ቦታውን ሲለውጥ ተሰማት። አልቀለላትም። ቦታውን ለወጠ እንጂ። ቀጠለች።

«አውቶቡስ ነጂ ነበር። እንቅልፍ ካጣ ቆይቶ ነበር፤ ከእንቅልፍ ማጣቱም የባሰ ነገር ነበረበት። ለሐኪም እነግራለሁ ብሎ ቃል ገባልኝ፣ ሄደ። ሐኪሟ አስተርጓሚ በስልክ አገናኘችለት። ሲመለስ እየሳቀ ገባ። “በስልኩ ውስጥ ማን እንዳለ ገምቺ እስቲ! መኩሪያ! የእድራችን ጸሐፊ!” አለኝ። ምን አልክ ስለው፣ “ወገቤን ያመኛል አልኩ። መኩሪያም አሳምሮ ተረጎመው” አለኝ። የወገብ እንቅስቃሴ የሚያሳይ ወረቀት ተሰጥቶት ነበር። አብረን ሳቅን።»

ወይዘሮ በቀለች ተረጎሙ። መኩሪያ የሚለው ስም ላይ ሲደርሱ አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማኅበርተኛቸው ነው፤ በየሳምንቱ ያዩታል።

ኧርሊንግ ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። «ሰውየው ምስጢር ያወጣ ነበር ማለት ነው?»

«አያወጣም። ምሏል፣ መሐላውንም ይጠብቃል። ቀብሩ ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀሰው እሱ ነው፤ የሚያለቅሰው ለልብ ሕመምተኛ መስሎት። ዓምሃም የመኩሪያን ታማኝነት ያውቅ ነበር። “አይናገርም፤ ግን ያውቃል። እሑድ እሑድ ጎኔ ቆሞ ያውቃል” አለኝ። በኖርዌይኛ ለምን አልነገርካትም አልኩት። “ኖርዌይኛዬ ለአውቶቡሱ ይበቃል፣ ለዚህ አይበቃም” አለ።» ሐረገወይን ካርዱን ከታች አነሳችው። «አስተርጓሚ አነሰ አይደለም ያልኩት። አስተርጓሚ ነበር። እኔ የምጠይቀው፣ እንዲህ ያለ ሰው ማን ፊት ነው አፉን የሚፈታው ነው። መልሱን አላውቅም። የሚያውቅ አላገኘሁም። ስለዚህ ይጠና።»

ወይዘሮ በቀለች የመጨረሻውን ቃል ተርጉመው ጨረሱ። ሲሪ ጉንጯ ቀልቶ ነበር። ባዶ ካርድ ከቦርሳዋ አወጣች፣ «ሌላ ጥያቄ ነው፤ እኛ ነን ያሳሳትነው» አለች፤ ሐረገወይን ቃል በቃል እያስጻፈቻት ጻፈችው። ኧርሊንግ አዲሱን ካርድ ተቀብለው ረጅም ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ወደ ላይ ገፉት፤ ከአንዱ ካርድ በታች፣ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ።

«ከልጄ ጥያቄ በላይ አላደርገውም» አሉ።

«አያድርጉት» አለች ሐረገወይን፣ በኖርዌይኛ።

ኧርሊንግ ቅንድባቸውን ሰቅለው አስተርጓሚዋን አዩ፣ እሷን አዩ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጠረጴዛዎች ካርዳቸውን አገናኙ። ጥያቄዋ ከሚጠኑት መካከል ገባ፤ ከላይ አይደለም፣ ግን ገባ።

ሁለቱ ሴቶች በአንድ ባቡር ተመለሱ። ሄልስፊር ጣቢያን አለፉ። ወይዘሮ በቀለች በመስኮቱ እያዩ፣ «ባለቤቴን» አሉ፣ «በዓምሃ ሞት ደንግጬ፣ ልብህን ተመርመር ብዬ እንደ በሬ እየጎተትኩ ነው ሐኪም ቤት ያስገባሁት። ደህና ነህ ሲሉት አላመንኳቸውም፤ ደግሜ ወሰድኩት።»

ሐረገወይን ሳቋ አመለጣት። ወይዘሮ በቀለችም ሳቁ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነባቸውና በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ።

«ከኔ አይወጣም» አሉ። «ሕጉም አለብኝ፣ ፍቅሩም አለብኝ። እሑድ እንደታሰበው ይውላል።»

«ሕጉ በእርስዎ ላይ ነው፣ በእኔ ላይ የለም። ነገ ቄሱ ጋ እሄዳለሁ። መኩሪያንም ራሴ አነጋግረዋለሁ፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰማው።»

«ልጄ፣ ስሙን አንጠራም ቢሉስ?»

ባቡሩ ከመሬት ውስጥ ወጥቶ በረዶው መስኮቱን ሞላው። ሐረገወይን ጓንቷን አጠለቀች።

«እኔ እጠራዋለሁ።»

ሊንደበርግ ደረሱ። ወይዘሮ በቀለች ወደ ፉሩሴት ይቀጥላሉና አልተነሱም፤ እጇን ግን በሩ እስኪከፈት ድረስ አልለቀቁትም። ወርዳ መድረኩ ላይ ስትቆም ከውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ድፎው ግን ይጋገራል!» አሉ። በሩ ተዘጋ።

መንገዱ ተጠርጎ ጠጠር ተበትኖበታል። ቤት ስትገባ ናታሊ ድንች እየላጠች ነበር።

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው። አስተርጓሚዋ እትዬ በቀለች ነበሩ።»

ቢላዋው ቆመ። «አይ… ማማ! እና?»

«እና ተረጎሙልኝ።»

ናታሊ አፍጥጣ አየቻት። ቢላዋውን አስቀምጣ መጥታ አቀፈቻት፤ እጇ እርጥብ ነበር። ሐረገወይን ካፖርቷን ሰቀለች፣ ሳህን አወጣች፣ ለሁለት ሰው የሚሆን እራት አቀረቡ። ስለ ዓምሃ አወሩ፤ ስለ ልቡ አይደለም፣ ስለ ራሱ። ድንቹ ጨው አንሶት ነበርና ናታሊ ተነስታ አመጣች።

ከዚህ በኋላ በቤቱ የሚደበቅ ነገር የለም። ዓምሃ ግን የለም።