የተቆረጠው እግር

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ያን ሰሞን እንቅልፍ አጥቶ ነበር፤ አይደለም እንዴ እህቴ?» አለ የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ወንበሩን ወደ ሐዘንተኛዋ አስጠግቶ።

ለለቅሶ ሽቶ የሚቀባ ሰው ከዚህ በፊት አላየችም። ባሏ በዚህ ሰው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ የዕቃ ማድረቂያ መሣሪያ ላይ በኤሌክትሪክ ተይዞ ከሞተ ሳምንት አልሞላውም።

«ነገ መርማሪዎች ይመጡብሻል» ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ድካም ነበረበት ካልሽ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ተማሪዎቹም ሰኞ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።»

«በዚያው ማድረቂያ?»

«መሣሪያው ምን አደረገ? ይሠራል እኮ።»

ይሠራል። ባሏም በዚህች ቃል ይስቅ ነበር። አንድ ቀን እራት ላይ ሹካውን አንስቶ አንዱን ጥርስ በጣቱ ሸፈነ። «የማድረቂያው ሶኬት ሦስት እግር ነበረው። የግድግዳው ቀዳዳ ሁለት ነው ብለው ሦስተኛውን በፒንሳ ቆረጡት። ‹ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ቢያመልጥ ወደ መሬት የሚያወርደው እሱ ነው› ስለው፣ ኃላፊያችን ‹ይሠራል እኮ› ይለኛል። ዶክተር ነው ደግሞ።» በማግስቱ ማድረቂያውን ከግድግዳው ነቅሎ «እንዳይነካ» የሚል ካርድ አንጠለጠለበት።

«ካርዱን ማን አነሳው?» አለች አሁን።

ኃላፊው ክራቫቱን ነካካ። «እንግዶች ሊጎበኙን መጥተው ነበር። ተነቅሎ የቆመ መሣሪያ ለእንግዳ ይታያል? አነሳሁት፤ ሰካሁት። ጠዋት ገብቶ እንደሚወለውለው በምን አውቃለሁ?»

«አልነገሩትም።»

«ጊዜ የት ነበር? ቀኑ ደርሶ ነው፣ እህቴ።»

ጥግ የተቀመጠችው የሟች እህት ቀና አለች። «ቀኑስ በእግሩ አልመጣም፤ እርስዎ ነዎት ያደረሱት።»

ሐዘንተኛዋ ድምፅዋን አላነሳችም። «ነገ ስለ እንቅልፉ ከጠየቁኝ፣ አጠገቤ ሲያንኮራፋ ያድር ነበር እላለሁ። ከዚያ እርስዎ አሁን ያሉኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራቸዋለሁ። ዋርሳዬም ሰምታለች።»

ሰውየው ተነሳ። «እግዜር ያጽናሽ» አለ። ሲገባ ያልጠረገውን ጫማ ሲወጣ ምንጣፉ ላይ ጠረገ።

ወጥ ቤት ውስጥ ለለቀስተኛ የተጣደው የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ይንተከተካል። ብቻዋን ገባች። ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ ፊቷንም በመዳፏ ጠረገች። እጇን ወደ ሶኬቱ ሰደደችና መልሳ ሰበሰበችው። መዳፏን በጥቁር ቀሚሷ ላይ፣ ከዚያም ጣቶቿን አንድ በአንድ አደረቀች። ከዚያ ነቀለችው።