ካርታሄና ላይ ማን ይወርዳል

አራት ጊዜ በመዝናኛ መርከብ ሄጄ አራቱንም ጊዜ የሰው አገር መሬት አልረገጥኩም። እህቴና ወንድሜ ወርደው ከተማ ያያሉ፣ እኔ ከእማዬ ጋር እቀራለሁ። ከላይኛው ፎቅ ሆኜ የማየው ወደቡን ነው። ወደብ ደግሞ የትም አገር አንድ ነው፤ ክሬን፣ ኮንቴይነር፣ ቢጫ ቆብ ያጠለቀ ሰው። ከክሬኑ ኋላ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቅ ካለልኝ ያን ቀን ከተማ አየሁ እላለሁ።

እነሱ ማታ ለእራት ይመጣሉ፤ ፊታቸው በፀሐይ ቀልቶ፣ አዲስ ባርኔጣ ደፍተው። "እንዴት ያለ አገር መሰለሽ" ይላሉ። "እማዬስ እንዴት ዋለች?" ይላሉ። ደህና ዋለች እላለሁ። ከዓመት በኋላ አገራችን ካጉዋስ ውስጥ ዘመድ ሲሰበሰብ "ያኔ ኩራሳው ድልድዩ ላይ የሳቅነው ሳቅ፣ ትዝ ይልሻል ኤኔይዳ?" ይሉኛል። ትዝ ይለኛል እላለሁ። ሌላ ምን ልበል? እኔም ሄጃለሁ ነው የሚባለው። የመርከቡን ዋጋ ለእኔም ለእማዬም የሚከፍሉት እነሱ ስለሆኑ፣ አፌን ይዞኝ የኖረው እሱ ነው።

ሚግዳሊያ ትልቋ ናት፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አለቃ ሆና ነው ጡረታ የወጣችው። ዊቶ መካከለኛው ነው፤ የመኪና ዕቃ ይሸጣል፣ ሚስቱን ፈቷል፣ ቀልድ ይወዳል። እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ለብዙ ዓመት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ለልጆች ሩዝና ባቄላ ስቀቅል ኖሬአለሁ። እማዬ ዳሌዋን የተሰበረች ጊዜ "ኤኔይዳ ባል የላት፣ ልጅ የላት" ተባለና ሥራዬን ተውኩ። ያን ጊዜ የእሷ አልጋና የእኔ አልጋ አንድ ክፍል ገቡ፤ ይኸው እስካሁን አልተለያዩም። በዚህ አላማርርም፣ እናቴ ናት። እኔ የማማርረው በመርከቡ ነው።

ዘንድሮ ሚግዳሊያ ገና ከሳን ሁዋን ሳንነሳ "ይሄ የመጨረሻችን ነው" አለች። "እማዬ ከእንግዲህ አትችልም፤ እኛም አርጅተናል።" ደሴቶቹን አንድ በአንድ አለፍን፤ እነሱ ወረዱ፣ እኔ ቀረሁ። የቀረችው ካርታሄና ብቻ ነበረች። ከእሷ በኋላ መርከቧ ወደ ቤት ትዞራለች።

ካርታሄና ልንደርስ አንድ ቀን ሲቀረን ቀኑን ሙሉ ባሕር ላይ ነበርን። ከምሳ በኋላ ሚግዳሊያ ሁላችንንም ጥላ ሥር ሰበሰበችንና የጉብኝቱን መጽሔት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እሷ ከተማ የምታየው እንደ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ነው፤ አጀንዳ ይኖረዋል።

"በጠዋት ምሽጉ ላይ እንወጣለን" አለች መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ። "ከዚያ በግንቡ ውስጥ አሮጌውን ከተማ በእግር። ከዚያ የቅዱስ ፔድሮ ክላቬር ቤተ ክርስቲያን። ምሳ። ከዚያ የመረግድ ድንጋይ የሚሸጥበት።"

"መረግዱን እለፊው" አለ ዊቶ። "አሩባ የገዛሽው ቀለበት ጣትሽን አረንጓዴ አድርጎት አልነበር?"

"እሱ ከላቡ ነው።"

"የማን ላብ? የሻጩ?"

መጽሔቱ ላይ ከየጉብኝቱ ጎን የሚራመድ ትንሽ ሰውዬ ተስሏል። አንድ ሰውዬ ካለ ጉዞው ቀላል ነው፤ ሦስት ሰውዬ ካለ ዳገትና ደረጃ አለው። የሚግዳሊያ ጉብኝት ሦስቱም ተደርድረውበታል። እማዬ ከወንበሯ ላይ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየቻቸው።

"እኔ ስንት ሰውዬ ነኝ?" አለች።

"አንቺ ሰውዬ የለሽም፣ አንቺ ጎማ ነው ያለሽ" አለ ዊቶ። እማዬ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። የዊቶ ነገር ሁሉ ያስቃታል። እኔ ብለው ኖሮ እስከ እሁድ ታኮርፈኝ ነበር።

"እኔ ነገ እወርዳለሁ" አልኩ።

ሚግዳሊያ ገጽ ገለጠች። ዊቶ አስተናጋጁን በእጁ ጠራ። ደገምኩት።

"የት?" አለች ሚግዳሊያ።

"ካርታሄና።"

"ከማን ጋር?"

"ከእግሬ ጋር።"

መነጽሯን አወለቀች። "ምን ልታዪ ፈልገሽ ነው? ንገሪኝና ፎቶ አንስቼ አመጣልሻለሁ።"

"ምንም። መውረድ ነው የፈለግሁት።"

"ሰው ምንም ለማየት ይወርዳል እንዴ?"

"አንቺን ማን ጠየቀሽ ሚግዳሊያ? አራት ጊዜ ስትወርጂ ማን ምን ልታዪ ነው አለሽ?"

ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ይሄን መናገር አለብኝ። ሚግዳሊያ እውነትም መጽሔቱን ወደ ኋላ መለሰችና "እሺ፣ ሁላችንም አንድ ላይ የምንሄድበትን እንፈልግ" አለች። አንድ ሰውዬ ብቻ ያለበት አገኘች፤ የፈረስ ጋሪ ነው፣ ከተማውን ቁጭ ብለው ያዩታል።

"ጋሪው ላይ በምን ትወጣለች?" አልኩ። "ደረጃው እስከ ጉልበቴ ነው።" ሥዕሉ ላይ ይታያል።

"እኔ አቅፌ አወጣታለሁ" አለ ዊቶ።

"በየትኛው ወገብህ?" አለች ሚግዳሊያ። "ባለፈው ሻንጣ አንስተህ ሦስት ቀን ተኝተህ የለ?"

ወንበር የሚያነሳ አውቶቡስ አለ፤ እሱ ግን ቀደም ብሎ ካልተጠየቀ አይመጣም። ታክሲ ይያዝ ተባለ። መንገዱ ድንጋይ ነው፣ ዳሌዋን ያነጥራታል ተባለ። እንግዲያው ዊቶ ይቅር አልኩ።

"እኔ?" አለ ዊቶ። "እናቴን ሽንት ቤት እኔ ልውሰዳት?"

"ምን ሲደረግ" አለች እማዬ። "ወንድ ልጅ።"

"እንግዲያው ሚግዳሊያ።"

"እኔ ከግንቦት ጀምሮ ነው ያስያዝኩት" አለች ሚግዳሊያ። "ደግሞ ማንሳቱን አልችልበትም፣ ልጥላትም እችላለሁ። ያን ነው የምትፈልጊው?"

እዚህ ላይ እማዬ ራሷ ገባች። "ለምን ትጨቃጨቃላችሁ? እኔ በዚያ ፀሐይ የትም አልሄድም፣ ፀጉሬን ትናንት ነው የተሠራሁት። እዚሁ ከኤኔይዳ ጋር እቀመጣለሁ። መድኃኒቴንም ነገሬንም የምታውቀው እሷ ናት።"

ጉዳዩ እዚያ ላይ ያለቀ መሰለ። ሚግዳሊያ ክንዴን ዳበስ አደረገችኝ። "ቶሎ ከተመለስን ደግሞ አንቺ ወረድ ትያለሽ። ወደቡ በር ላይ በቀቀኖች አሉ አሉ፣ ትልልቅ፣ ቀይና ሰማያዊ። ከመርከቧ ሁለት እርምጃ ነው።"

"በቀቀን ጎረቤታችንም ቤት አለ" አልኩ።

"የጎረቤታችን ተሳዳቢ ነው" አለ ዊቶ። "እነዚህ ጨዋዎች ናቸው።"

አስተናጋጁ አይስክሬም አመጣ። የእማዬን በማንኪያ እያለሳለስኩ ሳበላት፣ እሺ ሳልል እንደቀረሁ ገባኝ። ሁሌም እንዲህ ነው የሚሆነው። ማንም አትሄጂም ብሎኝ አያውቅም። ነገሩን እያዟዟሩት፣ እያዟዟሩት፣ መጨረሻ ላይ እኔ በተቀመጥኩበት ያቆሙታል። ልቆጣ ብዬ ነበር፣ አቅም አጣሁ። የሚቆጣ ሰው እንኳ ጉልበት ይፈልጋል።

እማዬን ወደ ክፍላችን ወስጄ ከሰዓት በኋላ እንድታርፍ አስተኛኋትና እግሯን በአልኮል አሸሁላት። ጣቶቿ እንደ ልጅ ትንንሾች ናቸው።

"አኮረፍሽ?" አለችኝ ጣሪያ ጣሪያ እያየች።

"አላኮረፍኩም። ደክሞኛል።"

"ምን ሠርተሽ ነው የሚደክምሽ? መርከብ ላይ ነን እኮ። ምግቡ የሚመጣ፣ አልጋው የሚነጠፍ።"

እግሯን አሽቼ ጨረስኩ፣ ካልሲዋን አጠለቅሁላት። እሷን ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። በእውነት ምን ሠርቼ ነው የደከመኝ እያልኩ አሰብኩ። ጠዋት ስነሳ ይደክመኛል፤ ማታ ስተኛም እንደዚያው። ዕረፍት ባገኝ እንኳ ምን እንደማደርግበት የማውቅ አይመስለኝም። እማዬ ግን የጠየቀችኝ በቅን ልቧ ነበር፤ ሥራ ነው ብላ አስባው አታውቅም። ሚግዳሊያም አታውቅም። ማንም አልነገራቸውም፤ ብነግራቸውም እንደ ጋሪው ነገር ያዟዙሩታል። መናገሩን እዚያው አልጋ ላይ ተውኩት።

በማግስቱ መርከቧ ስትቆም በመስኮት አላየሁም። እማዬን አጠብኩ፣ የአበባ ቀሚሷን አለበስኩ፣ ፀጉሯን እንዳይበላሽ በመረብ ሸፈንኩላት፣ ቁርሷን አበላሁ፣ መድኃኒቷን ሰጠሁ። ለቀን የሚያስፈልጋትን ሁሉ ከወንበሩ ኋላ አንጠለጠልኩ። እኔ የእሁድ ጫማዬን ሳይሆን የወጥ ቤት ጫማዬን ተጫማሁ፤ ለመቆም የተሠራ ጫማ ነው።

"ወዴት ነው?" አለች ሊፍቱ ውስጥ።

"ልጆችሽ ጋ።"

ለጉብኝት የሚወርዱ ሰዎች የሚሰበሰቡት ቲያትር አዳራሹ ውስጥ ነው። አንዲት ልጅ በሩ ላይ ቆማ ትኬት ትቀበልና የአውቶቡሱ ቁጥር ያለበት ክብ ተለጣፊ ወረቀት ሰው ደረት ላይ ትለጥፋለች። ከዚያ ወዲያ ትኬት የሚጠይቅ የለም፤ ደረትህን አይተው ነው የሚነዱህ። ሚግዳሊያና ዊቶ ሦስተኛው መደዳ ላይ ተለጣፊያቸውን ለጥፈው ተቀምጠዋል። ሚግዳሊያ የባርኔጣዋን ገመድ አገጯ ሥር አስራዋለች።

"ልትሰናበተን መጣች እንዴ" አለች እማዬን ስታይ። "የኔ እናት።"

ወንበሩን ከሚግዳሊያ ጉልበት አጠገብ አስጠግቼ ፍሬኑን ረገጥኩ። "የጠዋቱን ውጣለች" አልኩ። "የቀትሩ ከረጢቱ ውስጥ ነው፣ ከምግብ ጋር ነው የሚሰጣት። ሥጋ ከሆነ ቆራርጪላት። ሽንት ቤት ካለች ወዲያው ነው፣ ቆይ አትበያት። ስታነሺያት በብብቷ ሳይሆን በወገቧ ያዢያት።"

"ምንድን ነው፣ ኑዛዜ ነው?" አለ ዊቶ።

ጎንበስ ብዬ የሚግዳሊያን ተለጣፊ በጥፍሬ ጫፍ አነሳሁና ከደረቷ ላይ ገሽልጬ ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። በመዳፌ ጫን አልኩት።

ሚግዳሊያ የተላጠውን ቦታ አየች፣ እኔን አየች። "ኤኔይዳ፣ ሰው ያየናል።"

"ይየን።"

"በእኔ ስም ነው የተያዘው።"

"እስከ ማታ ሚግዳሊያ ነኝ።"

ወደ ዊቶ ዞረች። ዊቶ ቀስ ብሎ እጁን አንስቶ የራሱን ተለጣፊ ሸፈነ። በዚያ ሁሉ መሃል ሳቄ መጣብኝ፤ አልሳቅሁም እንጂ።

"የት ልትሄድ ነው?" አለች እማዬ። "ሚግዳሊያ፣ ይቺ ልጅ የት ልትሄድ ነው?"

ልጅቷ የአውቶቡሳችንን ቁጥር ጠራች። ሰው ተነሳ፣ እኔም ተከተልኩ። በሩ ጋ እስክደርስ "ኤኔይዳ" የሚለውን ሰማሁ፤ መጀመሪያ እማዬ፣ ቀጥሎ ሚግዳሊያ። ዞር ብል እንደምመለስ አውቃለሁ። ስለዚህ ፊት ለፊቴ ያለውን ሰውዬ ማጅራት እያየሁ ወረድኩ። መሰላሉ ያልቃል፣ ከዚያ ሲሚንቶ አለ፤ ረገጥኩት። እንደ ሌላው ሲሚንቶ ነው።

ዊቶ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ገባና ከጎኔ ተቀመጠ። ብዙ አልተናገረም። "ታለቅሳለች" አለኝ ብቻ።

"የትኛዋ?"

"ሚግዳሊያ።"

"እማዬ አለችላት። ለልቅሶ ጥሩ ናት፣ ታባብላለች።"

ምሽጉ ትልቅ ነው፤ ዳገቱ ረጅም ነው፣ ጥላ የሚባል ነገር የለውም። አስጎብኚዋ ጃንጥላዋን ወደ ላይ ቀስራ ስለ እንግሊዞች ታወራለች፤ ግማሹ አልገባኝም፣ ግማሹን አልሰማሁትም። ጉልበቴ ይንቋቋል። ዊቶ ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና በባርኔጣው ራሱን ያራግብ ጀመር። ስልኩ ጮኸ። አዳመጠ፣ አዳመጠና ወደ እኔ ዘረጋው።

"አልበላም ብላኛለች" አለች ሚግዳሊያ። በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም፣ ያለቀለት ድምፅ ነው። "ሾርባውን አፏ ላይ ሳደርስ ትዘጋዋለች። አንቺ ካልመጣሽ አልበላም ትላለች።"

"ስጪኝ እስቲ።"

የወንበሩ ጎማ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ።

"ኤኔይዳ?"

"አቤት እማዬ።"

"የት ነሽ?"

"ካርታሄና።"

"ምን አለ እዚያ?" አለችኝ።

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ድንጋይ አለ። ሙቀት አለ። ራሷ ላይ የፍራፍሬ ሣህን የተሸከመች ሴት ከታች ቆማለች፣ ሰው ፎቶ ያነሳታል። ዊቶ ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

"ፀሐይ አለ" አልኳት። "እማዬ፣ ሾርባሽን ብይ። ከሚግዳሊያ እጅ ብይ። እኔ ማታ እመጣለሁ።"

መልሷን አልጠበቅሁም። ስልኩን ለዊቶ መለስኩለትና አስጎብኚዋን ተከትዬ ወደ ላይ ወጣሁ።